በባትሪ ድንጋይ የተጠገነው የጋሼ ለማ ሰዓት

የባለቤቴን ሰዓት ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ። ሆስፒታል ልብሱን ሊለውጡለት ሲሉ ከእጁ ፈትቶ «ያዥልኝ» ብሎ መዳፌ ላይ ካስቀመጠው ሰባት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ስጠርገው መስታወቱ ከጠርዙ ተላቆ ጭኔ ላይ ወደቀ። የገባውን ብናኝ በስፒል ጫፍ ላነሣ ስል እጄ ተንቀጠቀጠና ጥቁሩን የሰዓት ፊት ጫርኩት። ጭረቷ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። እኔ ግን ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ልጄ ማርታ ከሥራ ስትመለስ ዓይኔን አይታ ደነገጠች። ነገሩን ስነግራት ግን በረጅሙ ተነፈሰች። «ውይ እማዬ! እኔ ደግሞ ምን ሆነች ብዬ። አትላስ ጋ ጎበዝ ሠሪ አለ፤ ይሄን ፊት አውጥቶ በአዲስ ይቀይርልሻል። ቦግ ያለ ታስደርጊዋለሽ፤ ይሄ እንደሆነ ድሮም ደብዛዛ ነው» አለችኝ። ለእኔ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን «ፊቱን ቀይሩት» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከእናቴ አፍ ሰምቼው ነበር። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ከሰሞኑ ብዕር ይዤ፣ ትንሽ እየጻፍኩ ትንሽ እያረፍኩ፣ ወደዚያ ሳምንት ተመልሻለሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከቦሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር፤ ዛሬ አትላስ ከምንለው ሰፈር ብዙም አይርቅም። የአሁን ልጆች ሲሰሙት ይስቃሉ እንጂ ከጓሯችን በታች ላሞች የሚግጡበት ረግረግ ነበር። ክረምት ሲገባ የእንቁራሪቶቹ ጩኸት ሬዲዮ አያሰማም። አውሮፕላን ሲነሣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወት ልጆችም አንድ እግራችንን እንዳንጠለጠልን ጥላው ግቢውን አቋርጦ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ላምበረት ማለት ለእኛ ገጠር ነበር። አሁን የምኖርበትን ሲኤምሲን ደግሞ ስሙንም አልሰማሁም።

አባቴ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ የተማረው ሙያ ነው። የሳሎናችን ግማሽ የእሱ መሥሪያ ስለነበር ቤታችን ሁልጊዜ እርጥብ ሱፍ፣ የሲንጀር ዘይትና የከሰል ካውያ ይሸት ነበር። ዛሬም ልብስ ንጽሕና ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ሲመጣብኝ እግሬ ይቆማል። አባባ ብዙ አያወራም። አፉ ውስጥ ስፒል ስለሚይዝ ነው እያለች እናቴ ታፌዝበት ነበር፤ ስፒል በሌለበት ቀንም ግን ያው ነው።

ከአጥራችን ማዶ ጋሼ ለማና ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ይኖሩ ነበር። ከወደ ሰሜን የመጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ለማ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ ክራባት አስረው ሲወጡ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ስንት ሰዓት ነው ጋሼ?» ይላቸዋል። ሰዓቱ ጠፍቶን አይደለም፤ እጃቸውን ዘርግተው እንዲያሳዩን ነው። የሠርጋቸው ዕለት አማታቸው ያሰሩላቸው ሰዓት ነበር። ቁጥሮቹ ነጫጭ፣ ፊቱ ጥቁር። ጥቁሩ ደግሞ እንደ ጫማ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አልነበረም። የላመ ከሰል የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ብርሃኑን ውጦ የሚያስቀር፣ ጣት ቢነካው ጥቀርሻ የሚያወጣ የሚመስል ጥቁር ነው። ሰዓት እላፊ በነበረበት በዚያ ዘመን አባወራው ሁሉ በጋሼ ለማ ሰዓት ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው።

አንድ ጠዋት ጋሼ ለማን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ምን አጠፉ ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ አልነበረም። እትዬ በላይነሽ ለለቅሶ አገር ቤት ሄደው ነበር። ቤቱ ሲፈተሽ፣ ሳጥኑ ሲገለበጥ፣ ጋሼ ለማ አጥሩ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፤ አባባ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በወዲህ በኩል ቆሟል። እኔ ከኋላው ሱሪውን ይዣለሁ። ጋሼ ለማ ሰዓታቸውን ፈቱና በአጥሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። «አቶ ወልዴ፣ ይቺን አደራ። ስመለስ እቀበልዎታለሁ» አሉ። ዕቃ ለጎረቤት አስቀምጦ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ነበር ድምፃቸው። አባባ በሁለት እጁ ተቀበለ።

እትዬ በላይነሽ እንደተመለሱ አባባ ሰዓቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሊሰጣቸው ሄደ። ዓይናቸው አብጦ በር ላይ ቆመው ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩትና መልሰው ጠቀለሉት። «አይሆንም አቶ ወልዴ፣ ከሰጠበት እጅ ይቀበል። እኔ ከተቀበልኩማ አይመጣም ማለቴ ነው። ብቻ እባክዎ አያቁሙብኝ» አሉት። አባባም ሰዓቱን ይዞ ተመለሰ። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶች፤ የዚያን አባባል ትርጉም ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። የክር ሣጥኑ ውስጥ፣ ከጥቁሩ ክር ማጠንጠኛ ጎን ተቀመጠች። የመሙላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እጄን ታጥቤ እሞላታለሁ፤ እምቢ ስትል አቆማለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላቆመችም።

እትዬ በላይነሽ እሑድ እሑድ ለባለቤታቸው እስር ቤት ስንቅ ያደርሳሉ። ሲመለሱ ባዶውን ሳሕን እንደያዙ በእኛ በኩል ያልፋሉ። ሳሕኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ሰውየው በልቷል፤ ሰውየው በልቶ እንደሆነ አለ ማለት ነው። ከዚያ ሰዓቷን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ያስጠጓታል። «ትሠራለች?» ይላሉ፣ እየሰሙ። «ትሠራለች» ይላል አባባ። ሌላ ወሬ የለም። እንዲህ ሆነን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆየን።

አንድ ሰኞ ቀን ከጋሼ ለማ ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው መጥቶ ወሬውን ነገራቸው፤ ቅዳሜ ከሚለቀቁት ውስጥ የለማ ስም አለ። እትዬ በላይነሽ እልል ለማለት ፈርተው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነበር ወደ እኛ ቤት የገቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃ ማጠብ፣ ግድግዳ ኖራ መቀባት፣ ምንጣፍ ማራገፍ ሆነ። እናቴም አብራቸው ጉድ ጉድ ትላለች። ሁሉም ነገር ለቅዳሜ መብራት ነበረበት። እኔስ ምን ላድርግ? ከእኔ እጅ ያለችው ሰዓቷ ናት። መስታወቷ ደግሞ ከጊዜ ብዛት ተጫጭሮ ጉም መስሏል።

በእኛ ዘመን ቤት ውስጥ ለደበዘዘ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ማሸት ነበር፤ ድስት በአመድ፣ ብርጭቆ በሎሚ፣ ጫማ በምራቅ። የሰዓት መስታወት በጥርስ ሳሙና ይጠራል ብላ የነገረችኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት፤ ውሸትም አልነበረም። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ የደንበኛ ልክ ሊወስድ ወጥቷል፣ እናቴ ቀበሌ ሱቅ የሳሙና ሰልፍ ላይ ናት። ትንሽ የጥርስ ሳሙና እራፊ ላይ አድርጌ መስታወቱን ማሸት ጀመርኩ። እውነትም እየጠራ መጣ! ደስ ሲለኝ ጊዜ ጫን አልኩ። መስታወቱ ቀጭ ብሎ ወጣና ሳሙናው ፊቷ ላይ ተለጠፈ።

ያን ጊዜ ትቼው ብነሣ ኖሮ ጥሩ ነበር። ሳሙናውን በመርፌ ጫፍ ላነሣ ስሞክር ከሰባት ቁጥር እስከ ስምንት አንዲት ነጭ ጭረት ወጣች። ጭረቷን ላጠፋ በእራፊው አሸሁ። አሁን ጭረቷ እንዳለች ሆና ዙሪያዋ መብለጭለጭ ጀመረ። መብለጭለጩን ላጠፋ አሁንም አሸሁ። ባሸሁት ቁጥር ይብስ ያበራል። በመጨረሻ በዚያ በሚያምረው ድፍን ጥቁር መካከል የድመት ዓይን የምታህል የምታንጸባርቅ ቦታ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። መስታወቱን በአውራ ጣቴ ተጭኜ መለስኩት፣ ሰዓቷን ክር ሣጥኑ ውስጥ ከተትኳት፣ ወጥቼም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ለማ የማይመጡት በእኔ ምክንያት መሰለኝ። ይህን ለማን ይናገሩታል?

እሑድ ባይሆንም እትዬ በላይነሽ በዚያው ዕለት ጀንበር ሳትጠልቅ መጡ። እጃቸው ኖራ ነበር። «ልቤ አላርፍ አለኝ አቶ ወልዴ፣ እስቲ አንዴ ላድምጣት» አሉ። አባባ ሣጥኑን ከፈተ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አየሁት፤ ሰዓቷን አነሣ፣ ፊቷን አየ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ መዳፉን ፊቷ ላይ አድርጎ፣ «እጅዎ ኖራ ነው ወይዘሮ በላይነሽ፣ እኔው ልያዝልዎ» አለና በራሱ እጅ ጆሯቸው ላይ አስጠጋላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ትሠራለች» አሉ፤ «ትሠራለች» አለ አባባ። መዳፉን ሳያነሣ ሣጥኑ ውስጥ መለሳት። አባቴን ሲያታልል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሳቸው እንደወጡ ጠራኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ወንበር ሳበልኝ። «በምን አሸሻት?» አለኝ። ነገርኩት። «ከዚያስ?» ነገርኩት። «ከዚያስ?» እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። በመሃል እናቴ ሁለት ሳሙና ታቅፋ ገባች፤ ስትሰማ ሳሙናው ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ የምድር ጉድ! ሰው ዓመት ሙሉ እንደ ታቦት የጠበቀውን? ጥርስሽንስ መቼ እንዲህ አሽተሽ ታውቂያለሽ?» አለች። ወደ አባባ ዞራ ደግሞ፣ «በል ነገ በጠዋት ፒያሳ ውሰዳትና ፊቱን ይቀይሩት። እንዲህ ያለ ጥቁር ፊት መቼም አይጠፋም። ማን ያውቃል?» አለችው።

«እኔ አውቃለሁ» አለ አባባ። «ሌላ ፊት አስገብቼ አደራ መለስኩ ልበል? የሰጠኝን ነው የምመልሰው።»

«ታዲያ እንዲህ ተበላሽታ ልትመልስ ነው? እጁ ላይ አስሯት ከረመ ቢሉህስ?»

አባባ ሰዓቷን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ወዲያ ወዲህ ሲያዘነብላት ቆየና እጁን ዘርግቶ የሰው ጥቁር ሱፍ ኮት አነሣ። «ነይ እዪ» አለኝ። በኮቱ ክንድ ላይ የካውያ ቅርጽ ያላት ብልጭልጭ ምልክት ነበረች። ጥቁር ሱፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሳያለብሱ ካውያ ካሳረፉበት ጠጉሩ ይተኛል፤ የተኛ ጠጉር ደግሞ ያበራል፤ ለልብስ ሰፊ ማብራት ማለት እንደ እድፍ ነው። «አንቺ ንጹሕ ያደረግሽ መስሎሽ ነው እንጂ ተኩሰሻታል። አሁን ማሸት ይቅር። ማደብዘዝ ነው ያለብን» አለኝ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «እንዲህ ያለ ድፍን ጥቁር ከየት ይመጣል?» አለ።

ይህን ያነበባችሁ የእኔ ዘመን ሰዎች መልሱን ከእኔ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሰሌዳ! በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የክፍላችን ሰሌዳ ከመጠረጉ ብዛት አብረቅርቆ በመስኮቱ በኩል የምንቀመጠው ምንም አይታየንም ነበር። ያን ጊዜ መምህራችን ከየቤታችን ያለቀ ባትሪ ድንጋይ አምጡ ይላሉ። በድንጋይ ፈልጠን፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ወቅጠን፣ ከዱባ ቅጠል ጋር እየጨቀጨቅን ሰሌዳውን እንቀባለን። አፍንጫችንም ልብሳችንም ይጠቁራል። ሲደርቅ ግን ሰሌዳው ከየትኛውም አቅጣጫ ቢያዩት አያንጸባርቅም፤ የተጻፈበት ነጭ ሁሉ ቁልጭ ይላል። ለአባባ ነገርኩት። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

የሬዲዮናችን ያለቁ ባትሪዎች መስኮት ላይ ነበሩ። ፀሐይ ላይ አስጥተናቸው፣ በጥርሳችን ነክሰናቸው፣ ከአንዴም ሁለቴ ወደ ሥራ የመለስናቸው፣ አሁን ግን ጨርሶ የሞቱ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ አንዱን ፈለጥኩት። አባባ ዱቄቱን በምላጭ ጀርባ ካላመው በኋላ በሻሽ ነፋው፣ የወረደውን ደግሞ ደግሞ ነፋው። የዱባ ቅጠል ውሃው ይበዛል ብሎ ተወው። በምትኩ ደብተር የምለብጥበትን የግራር ሙጫ በጠብታ ውሃ አሟሟ። ቀጥታ ሰዓቷ ላይ ግን አልሄደም። ከቁልፍ ቆርቆሮው አምስት ጥቁር የኮት ቁልፎች አወጣና ጫራቸው። የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ሙጫው በዛ፤ ሲደርቅ አበራ። ሁለተኛው ላይ ሙጫው አነሰ፤ ሲነኩት በነነ። ሦስተኛውና አራተኛውም አላረኩትም። አምስተኛውን አሳድሮ ጠዋት በጣቱ አሸት አደረገው፣ በመስኮቱ ብርሃን አዘነበለው፣ ከዚያ ለእናቴ ሰጣትና «ጭረቱ የት ነው?» አላት። እናቴ ገልብጣ ገልብጣ አየችው። «የቱን ነው የሰጠኸኝ? ይሄማ ደህናው ነው» አለች። «በይ እንግዲያው» አለኝ አባባ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ንፋስ ሳይነሣ፣ አቧራ እንዳይቦን መሬቱን ውሃ ረጨሁ፤ በሩም መስኮቱም ተዘጋ። እናቴ «እንዳላስነጥስ» ብላ ውጭ ተቀመጠች። አባባ መስታወቱን በጥፍሩ አነሣ። መሙያዋን ሳብ አድርጎ ሁለቱን ቆጣሪዎች ከጭረቷ አርቆ ወደ ሁለት ቁጥር ወሰዳቸው። ሦስተኛዋ፣ ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ ግን አትታዘዝም፤ እሷ መዞሯን ቀጥላለች። እንድትቆም ደግሞ አንፈልግም። እትዬ በላይነሽ አያቁሙብኝ ብለዋል። ስለዚህ ዙሯን ጨርሳ ሰባት ቁጥር ጋ ስትቃረብ አባባ እጁን ማንሣት ነበረበት። የእሱ ዓይን መርፌው ላይ ስለሆነ እሷን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ።

የመርፌውን ዓይን እንዳያዳልጠው በነጭ ክር ጠቅልሎ ጫፉን ጥቁሩ ውስጥ ነከረ። መነጽሩን አስተካከለና ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመረ። መቀባት አይደለም፤ እንደ ወፍ መልቀም ነው። «ደረሰች!» እላለሁ፤ እጁ ይነሣል። ቀጭኗ ቆጣሪ እርጥቡን ሳትነካ ከላዩ ታልፋለች። «አለፈች» እላለሁ፤ እጁ ይመለሳል። አውሮፕላን ተነሣ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። «ሄደ?» አለ። «ሄደ አባባ።» «እሷስ?» «ደረሰች... አለፈች።» እንዲህ ስንባባል ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሰዓት አጠገባችን ሆና ሰዓት ያላየንበት ጠዋት ነበር። አባቴ በሕይወቱ ከዚያ በላይ ካወራኝ እንጃ።

ሲደርቅ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። ቀጥ አድርጌ ሳያት ምንም የለም። ወደ ጎን አዘንብዬ፣ ብርሃኑን በአግድም ስቀበላት፣ እንደ ትንፋሽ ያለች ጥላ ታየችኝ። ቦታውን ባላውቀው አላገኘውም ነበር። አባባ መስታወቱን በሁለት አውራ ጣቱ ተጭኖ ቀጭ አድርጎ መለሰው፤ ቆጣሪዎቹንም በሬዲዮ ሰዓት አስተካከለ። «ስለዚህ ነገር ምን እንላቸዋለን?» አልኩት። «አደራ ስትመልሺ የሆነውን ሁሉ ጨምረሽ ነው የምትመልሺው» አለኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋሼ ለማ በእግራቸው መጡ። እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ፤ ሰውየውን አይቼ ሌላ ሽማግሌ መሰሉኝ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጥቁር የነበረው ጠጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ሆኗል፤ ገና አርባ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። እትዬ በላይነሽ በር ላይ እልልታውን እንደገና በነጠላቸው ሊያፍኑት ሲሉ እናቴ ጎትታ አስለቀቀቻቸውና ሁለቱም አብረው ለቀቁት። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ጋሼ ለማ ግን ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት ወደ አጥሩ መጡ። አባባም ጠብቋቸው ነበር፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ልክ እንደዚያን ቀን። በአጥሩ ላይ ሰዓቷን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አስጠጓት። «አላቆማችኋትም» አሉ። አባባ አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምኩት። ማን እንደገፋኝ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት! እንድታበራልዎ ብዬ በጥርስ ሳሙና... ከዚያ በመርፌ ጫርኳት፤ ከዚያ አባባ በሰሌዳ ቀለም፣ በባትሪ ድንጋይ ሠራት። ቁልፍ ላይ ሞክረን ነው። አላቆምናትም ግን!»

እትዬ በላይነሽ አባባን አዩት፤ ረቡዕ ዕለት መዳፉን ለምን እንዳላነሣ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ጋሼ ለማ ሰዓቷን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ አዘነበሉ። «የቱ ጋ?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። «የቱ ጋ? አይታየኝም እኮ» አሉ። ከዚያ አጎንብሰው ያንን ነጭ ጭንቅላታቸውን በአጥሩ ላይ ወደ እኔ ዘንበል አደረጉና፣ «እስቲ ልጄ፣ ከዚያ ጥቁር የተረፈሽ ካለ እኔንም ጠቅ ጠቅ አድርጊኝ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ቀጥሎ እትዬ በላይነሽ እያለቀሱ ሳቁ፣ ከዚያ ሰፈሩ። አባባ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ብቻ ሳልስቅ ሮጬ ገብቼ በሻሽ የተነፋውን ትራፊ ይዤ ወጣሁ፤ የምራቸውን መስሎኝ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተጋድሞ የነበረው ድንጋይ የት እንደወደቀ እንኳ አላየሁትም።

ጋሼ ለማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሰዓቷን ዕድሜ ልካቸውን አሰሯት፤ ልጆች ስንት ሰዓት ነው ሲሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ካሳዩ በኋላ፣ «የተጠገነችበትን ያገኘ ከረሜላ አለው» ይሉ ነበር። ከረሜላውን የበላ ልጅ አላስታውስም። አሁን እሳቸውም፣ እትዬ በላይነሽም፣ አባባም እናቴም የሉም። ረግረጉ ላይ ፎቅ ቆሟል። ልጆች ሰዓት የሚያዩት ስልክ ላይ ነው፤ ሰሌዳውም ነጭ ሆኗል አሉ።

ማርታን አትላስ አልሄድም አልኳት። ከሰፈር ሱቅ ትልቁን ባትሪ ድንጋይ እንድትገዛልኝ ላክኋት። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ፤ ገዝታ ግን መጣች። የአባቷን ጥቁር ኮት አውጥቼ የውስጡን ትርፍ ቁልፍ ፈታሁና ሙከራዬን እሱ ላይ አደረግሁ። የእሱም ሰዓት የድሮ ነው፣ የሚሞላ፤ ሰባት ወር ሙሉ አላቆምኩትም። ትናንት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘረጋሁ። የሲኤምሲ መኪና እንደ አውሮፕላኑ ጠረጴዛ አያንቀጠቅጥም፤ የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው። ማርታ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ማለት እንዳለባት አስተማርኳት።

«ደረሰች» አለች። እጄን አነሣሁ። «አለፈች» አለች። መለስኩት። ከቀብሩ ወዲህ እኔና ልጄ እንዲያ ተቀራርበን ተቀምጠን አናውቅም ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሰዓቱን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ ጊዜ አየችው። «አይታይም እኮ!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ግን እማዬ፣ እንዲህ የለፋሽው ለማን ልትመልሺው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለሰጠኝ ነው፤ ከሰጠበት እጅ ይቀበላል። ያኔ ቅዳሜ መሆኑን እናውቅ ነበር፤ አሁን ከአባቷ ጋር የምንገናኝበትን ቀን አላውቀውም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ሰዓቱን ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት፤ ከዚያ ለማርታ አስጠጋሁላት። «ትሠራለች?» አልኳት። «ትሠራለች» አለችኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በቀን ስተኛ ከሰባት ወር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።